ዳለቻው ሰንጋ እና ሁለተኛው ገጽ

አፍናን በስልክ መተግበሪያ ውስጥ አንድ ገጽ ለሌላ ገጽ የሚያቀብለው ነገር ምን እንደሆነ ለዓመታት የተረዳችው ይመስላት ነበር፤ አልተረዳችውም። የመመረቂያ ሥራዋን ስታቀርብ መምህራኑ ጠይቀዋት፣ የመጀመሪያው ገጽ ዝርዝሩን እንደሚይዝ፣ ተጠቃሚው ከዝርዝሩ አንዱን ሲነካም የተነካው ወደሚቀጥለው ገጽ እንደሚሻገር አስረድታ ነበር። ማንም አላረማትም፤ መልሷ እንዲያውም ተመስግኗል። ስሕተቱ ያደረው «የተነካው ይሻገራል» ባለችው ላይ ነው። የተነካው ከቶ ካለበት አይነቃነቅም። የሚሻገረው ስለ ተነካው የተነገረ ቃል ነው፤ ቃል ደግሞ ከላኪው ወጥቶ ተቀባዩ ዘንድ እስኪደርስ ድረስ፣ የተነገረለት ነገር በነበረበት ቆሞ ይጠብቀዋል የሚል ዋስትና የለውም። ይህ እውነት ለአፍናን የተገለጠላት በንባብ አልነበረም። አጎቷ ከኖሩበት ሥራ ሊወጡ ጥቂት ሰዓት ሲቀራቸው ነው።

አጎቷ ኑርሁሴን የሰንበቴ ገበያ የከብት ደላላ ናቸው። የአፋሩ ነጋዴ ፍየሉንና ግመሉን ይዞ ከቆላ ሲወጣ፣ ደገኛውም በጉንና በሬውን እየነዳ ሲወርድ፣ ሁለቱ የሚገናኙት ብዙውን ጊዜ በአያ ኑርሁሴን ፊት ነው። አማርኛውንና ኦሮምኛውን ከእናታቸው ጡት ጋር ጠብተውታል፤ አፋርኛውን ያገኙት ከገበያው አቧራ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቀልድ የማይጠሉ ሰው ናቸው። የደላላ ሀብቱ ምላሱ ነው የሚሉ አሉ፤ የእርሳቸው ምላስ ግን ሀብት የሆናቸው አንድ ጊዜ ከዘረጉት በኋላ ስለማያጥፉት ነበር። ደላሎች ሁሉ ዱላ ይይዛሉ። የእርሳቸው ዱላ የቆመበት ስፍራ ግን ውል የሚጸናበት ስፍራ ነበር፤ ሰዎች ከሌላ ደላላ ጋር የጀመሩትን ድርድር እንኳ «እስቲ አያ ኑርሁሴን ፊት እንጨርሰው» ይሉ ነበር።

የኮምቦልቻና የአዲስ አበባ ነጋዴዎች ከብት በስልክ መጠየቅ ሲጀምሩ የአጎቷ ሥራ ተወሳሰበ። ሥዕል በቴሌግራም ይልካሉ፤ የላኩት ሥዕል ከሌላው ይምታታል፤ የየትኛው ባለቤት የትኛው ከብት እንደሆነ ማስታወስ ግማሽ ቀን ይፈጃል። አፍናን በዚያን ጊዜ ከሚሴ ውስጥ በአንድ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ እያስተማረች ነበር። የአጎቷን ችግር አይታ መተግበሪያ ሠራችላቸው። መተግበሪያው ሦስት ገጾች ነበሩት፤ የመጀመሪያው ከብቶቹን ዘርዝሮ ያሳያል፣ ሁለተኛው የአንዱን ከብት ዝርዝር ይናገራል፣ ሦስተኛው ውሉን ያስራል። ደላላው ውሉን ሲያስር ለገዢውም ለጫኙም መልእክት ይደርሳል፤ የማን ደጅ እንደሚኬድ፣ የሚጫነውም ከብት ምን እንደሚመስል ከነሥዕሉ። በስልክ የተሸጠ ከብት ገበያ አይወርድምና መኪናው ከባለቤቱ ደጅ ይጭነዋል።

በዝርዝሩ ውስጥ የማይሸጡ ከብቶችም ነበሩ። በጨፋ ሸለቆ ለመውሊድ ከብት የተሳለ ሰው ስለቱን ለሼሁ ብቻ ነግሮ አይቀመጥም፤ ለደላሎችም ያሳውቃል። ከብቱ ጠፍቶ ወይም ተሰርቆ ለገበያ ቢቀርብ ማንም እንዳያሻሽጠው ነው። ደላሎችም በዚህ ጉዳይ በመካከላቸው የጸና ሕግ አላቸው፤ የስለት ከብት ያሻሻጠ፣ አውቆም ይሁን ሳያውቅ፣ ዱላውን ለሽማግሌዎች አስረክቦ ከገበያው ይወጣል። ስለዚህ አጎቷ የስለት ከብቶችን ሁሉ በመተግበሪያው እንዲመዘገቡ አደረጉ፤ አፍናንም በመጀመሪያው ገጽ ላይ በቀይ ቀለም «የማይሸጥ» የሚል ጻፈችባቸው። ከእነርሱ አንዱ የወይዘሮ ፋጡሜ ዳለቻ ሰንጋ ነበር። ሴትየዋ ልጃቸው ከዓረብ አገር በሰላም ከተመለሰላቸው ሊሰጡት ተስለው፣ ልጁ ተመልሶ፣ ሚስት አግብቶ፣ ሰንጋው የመውሊዱን ቀን እየጠበቀ ይቀለብ ነበር።

ነገሩ የሆነው በገበያ ቀን ነው። ቃሲም የሚባለው የኮምቦልቻ ነጋዴ ደውሎ ጥሩ ሰንጋ ፈለገ። አያ ኑርሁሴን የአቡበከርን ጥቁር ሰንጋ አቀረቡለት። አቡበከር የወይዘሮ ፋጡሜ ጎረቤት ነው፤ ከብቶቻቸውም የተመዘገቡት በአንድ ቀን በመሆኑ በዝርዝሩ ላይ ዳለቻው ከላይ፣ ጥቁሩ ከሥር ተከታትለው ይታዩ ነበር። አጎቷ በአንድ ጆሯቸው እየተደራደሩ ጥቁሩን ነኩ፤ ዋጋው ሲቆረጥ የስምምነቱን ቁልፍ ተጫኑ፤ ከዚያ በስልኩ ግራና ቀኝ ውሉን ማጽኛው ፋቲሃ ተቀራ። ፋቲሃ የተቀራበት ነገር ወደኋላ አይመለስም። ኢሱዙ የሚነዳው ሙጂብ መልእክቱ እንደደረሰው ወደ ጨፋ ሄደ፤ የደረሰው ግን የፋጡሜን ደጅ የሚያሳይ መልእክት ከዳለቻው ሥዕል ጋር ነበር። ወይዘሮ ፋጡሜ ለጉዳይ ከሚሴ ወጥተው ነበርና ቤት ውስጥ የነበረችው አዲሷ ምራታቸው አስያ ብቻ ናት። አስያ ስለ ስለቱ አልሰማችም። ሙጂብ «ከአያ ኑርሁሴን ነው» ሲላት ግን ስሙን ታውቀው ነበር፤ ገመዱን ፈትታ ሰጠችው።

ወይዘሮ ፋጡሜ ማታ በረቱን ባዶ ሲያገኙት አልጮኹም። ስልክ አንሥተው አያ ኑርሁሴን ዘንድ ደወሉና ዳለቻው የት እንዳለ በእርጋታ ጠየቁ። አጎቷም ቃሲም ዘንድ ደወሉ። ቃሲም ነገሩን ሲሰማ ደነገጠ፤ የስለት ሰንጋ በቢላዋው ሥር እንዲያልፍ ማንም አይሻም። ሆኖም እንዲሁ መልሶ ሊልከውም አልፈለገም። ፋቲሃ ተቀርቷል፤ ውሉ በየትኛው ሰንጋ ላይ እንደጸና ሳይለይ በሬውን መመለስ ለእርሱም ለደላላውም የማይጠራ ነገር ትቶ መሄድ ነው። በሚቀጥለው ገበያ ሰንጋውን ይዞ እንደሚመጣና ጉዳዩ ስለቱን በሚቀበሉት በሼህ ሰልማን ፊት እንዲታይ ተስማሙ። እስከዚያው ወሬው በሸለቆው ሁሉ ተዳርሶ ነበር፤ ኑርሁሴን የስለት በሬ ሸጠ።

አያ ኑርሁሴን ጥፋቱን ከራሳቸው ውጪ አልፈለጉትም። የግራ ዓይናቸው ሞራ ከጀመረው ቆይቷል፤ ቀኙም ከግራው የተሻለ የሚባለው ከግራው ጋር ሲነጻጸር ብቻ ነው። ጥቁሩን ልንካ ብለው ከበላዩ ያለውን ነክተዋል፤ ቀጥሎ በመጣው ገጽ ላይ የነበረውንም ሥዕል ሳያዩ ተጭነዋል፤ እንዲህ ብለው አመኑ፣ ለሚጠይቃቸውም እንዲህ ብለው መለሱ። አፍናን ከከሚሴ በሚኒባስ ወርዳ የአጎቷን ስልክ ተቀበለች። ጥቁሩን ነካች፤ ጥቁሩ መጣ። ደግማ ነካች፤ ጥቁሩ መጣ። ወደ ከሚሴ ይዛው ተመልሳ በተከራየችው ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ ብትፈትነው አንድም ጊዜ አልሳተም። ያን ጊዜ የተሰማት እፎይታ ነበር። እፎይታው አሳፈራት፤ ግን እፎይታ መሆኑን ለራሷ አልካደችም። ሰው ራሱን ነጻ ሲያወጣ የሚከፍለው ሌላ ሰው መኖሩን የሚያስተውለው ዘግይቶ ነው። አፍናን ለአጎቷ ዓይን ብላ ፊደሎቹን አጎላች፣ ሥዕሎቹን አሰፋች፤ ስልኩንም በአክብሮት መለሰችላቸው። አጎቷ አመሰገኗት፤ ምንም እንኳ ሊለቁት የተዘጋጁት ሥራ ቢሆንም።

የቀጠሮው ገበያ ደረሰ። በዚያው ቀን ከሌሎች ገበያዎች የሚመጡ ደላሎች መተግበሪያውን አይተው ሊወስዱ ቀደም ሲል ተነጋግረው ነበርና አፍናን ማልዳ ሰንበቴ ገባች። ሽምግልናው የሚጀመረው ከዙህር ሶላት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ከአጎቷ አጠገብ በአንድ ግራር ጥላ ሥር ተቀምጣ ስልካቸውን ይዛላቸዋለች። ፊት ለፊቷ ሙጂብ፣ ደላሎቹን ለማገዝ፣ ከአፋር የመጣ አንድ ነጋዴ የነዳቸውን ፍየሎች በራሱ ስልክ እያነሣ ይመዘግባል፤ ኔትወርኩ እንደ ገበያ ቀን ኔትወርክ ይመጣል ይሄዳል። አንድ ሰው ስለ አንዲት ቀይ ላም ጠየቃትና አፍናን ላሚቱን ነካች። ገጹ ትንሽ ቆይቶ ተከፈተ። ገጹ ላይ የቆመችው ቀንዷ የተጠማዘዘ ፍየል ነበረች።

ሙጂብ በትከሻዋ ላይ አንገቱን አስግጎ አየ። «ማሻአላህ» አለ፣ «ላሚቱ ፍየል ወለደች። ሥጋው ለኔ ይሁን።»

አፍናን አልሳቀችም። ወደኋላ ተመለሰች፤ ላሚቱ በዝርዝሩ ላይ አለች፣ ነገር ግን አሁን አንድ ደረጃ ወርዳለች። በዝርዝሩ አናት ላይ ሙጂብ ገና ያስገባው አንድ ፍየል ተቀምጧል። እንደገና ነካቻት፤ አሁን ላሚቱ መጣች። ሙጂብ ሌላ ፍየል እስኪያስገባ ጠብቃ፣ በዚያችው ቅጽበት ነካች፤ ከላሚቱ በላይ ያለው መጣ።

ያን ጊዜ ገባት። የመጀመሪያው ገጽ ለሁለተኛው ሲናገር «ላሚቱን አሳይ» አይለውም። «አምስተኛውን አሳይ» ይለዋል። እንዲህ ያዘዘችው እርሷው ናት፤ ቀላል ስለነበር፣ በመማሪያዎቹም ሁሉ ሲደረግ ስላየችው። ሁለተኛው ገጽ ትእዛዙን ሲቀበል ዝርዝሩን እንደ አዲስ አምጥቶ አምስተኛውን ይቆጥራል። በመካከሉ አንድ አዲስ ከብት ከላይ ከገባ ሁሉም አንድ አንድ ደረጃ ይወርዳል፤ አምስተኛ የነበረው ስድስተኛ ይሆናል፤ በአምስተኛው ስፍራ ከበላዩ የነበረው ይቆማል። ክፍሏ ውስጥ ብቻዋን ስትፈትን ማንም ከብት አያስገባም፤ ዝርዝሩ ጸጥ ብሎ ይቆያል፤ ስለዚህ ቃሉና ነገሩ ሁልጊዜ ይገናኛሉ። ሰንበቴ ላይ ግን ገበያው አይቆምም። ሰው በሚነዳ መንጋ መካከል «ያ አምስተኛው» ብሎ ልጁን ቢልክ የሚመጣለት ልጁ ሲደርስ አምስተኛ የሆነው ነው። አጎቷ የነኩት ጥቁሩን ነበር።

ሰዎቹ እስኪርቁ ጠበቀችና ነገረቻቸው። ዓይናቸው እንዳልሳተ፣ ጥፋቱ የእርሷ እንደሆነ፣ እንዴት እንደሆነም በፍየሎቹ እያሳየች አስረዳቻቸው። አያ ኑርሁሴን ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሰሙ። ነገሩ በሚገባ ገብቷቸዋል፤ የገባቸው ግን እርሷ በጠበቀችው መንገድ አልነበረም።

«ይህን ማን ያውቃል?» አሉ።

«እኔ። ሙጂብም አይቷል፤ ግን ስቆ አለፈው።»

«እንግዲያ ዺሲ። ተይው።»

«አያ፣ ምኑን ነው የምተወው?»

«እኔ ዛሬ ባልወጣ ከርሞ ዓይኔ ያስወጣኛል፤ አንድ ዝናብ ነው ልዩነቱ። አንቺ ገና መግባትሽ ነው። እነዚያን ደላሎች አታያቸውም? ከየአገሩ ያንቺን ሥራ ብለው የመጡ ናቸው። የሚወጣ ሰው በሚገባው ላይ በር አይዘጋም።»

«የስለት በሬ ሸጠ ይላሉ እኮ።»

«አረጀ ነው የሚሉት። ማርጀት ነውር አይደለም፤ እንዲያውም እያረጁ መሸምገል ደግ ነው፤ የተቀመጠ ሰው ሻይ አያጣም።»

አፍናን የሰጧትን ስጦታ ልክ አውቃዋለች፤ ሰው ለሰው ከሚሰጠው ሁሉ ስሙን መስጠቱ የመጨረሻው ነው። እዚያው ተቀምጣ በሐሳቧ ሁለቱንም መንገድ ሄዳ አየችው። ዝም ብትል መተግበሪያው ወደ ሌሎች ገበያዎች ይሄዳል፤ እርሷ ስሕተቱን ማንም ሳያይ ታርመዋለች፤ አጎቷ በጥላ ሥር ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ፤ ሸለቆውም የዓይናቸውን ነገር አንሥቶ ያዝናል። ማንም አይጎዳም ማለት ይቻል ነበር፣ ከአጎቷ በቀር፤ እርሳቸውም ፈቅደዋል። ፈቃዳቸው ግን በውሸት ላይ የተሰጠ ነው።

«አያ፣ ሼህ ሰልማን ጠይቀዎት ‹ዳለቻውን ነክቻለሁ› ይላሉ?»

«እላለሁ።»

«እውነቱን እያወቁ?»

ትላንት ቢሆን ስሕተት ነበር፤ ዛሬ ከነገረቻቸው በኋላ ሐሰት ሆኗል። በሽማግሌ ፊት ሐሰት የተናገረ ደላላ ደግሞ ዱላውን ከማስረከብ የከፋ ነገር ያጋጥመዋል፤ ማንም ባያውቅበት እንኳ እርሱ ያውቃል።

«ምላስሽ የእናትሽ ነው» አሉ አያ ኑርሁሴን። ተነሥተው ለሶላት ሄዱ።

ከዙህር በኋላ በመስጊዱ አጠገብ ባለው ዳስ ሥር ምንጣፍ ተነጠፈ። ሼህ ሰልማን ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ተቀመጡ፤ ቃሲም ከኮምቦልቻ መጥቷል፤ ወይዘሮ ፋጡሜ በጎን ተቀምጠዋል፤ ደላሎቹ ዙሪያውን ቆመዋል። ዳለቻው በሙጂብ መኪና ላይ ሆኖ ያመነዥካል። ዱዓ ተደርጎ እንዳበቃ አያ ኑርሁሴን ማንም ሳይጠይቃቸው ዱላቸውን ምንጣፉ ላይ አስቀመጡ። ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አልተናገሩም፤ ለእርሷ የተዉላት ስፍራ እንደሆነ አፍናን አወቀች።

ሼሁ አስቀድመው የጠየቁት ቃሲምን ነው። ፋቲሃው ሲቀራ በልቡ የነበረው የትኛው እንደሆነ ጠየቁት።

«ጥቁሩ ነው፣ ሼኼ» አለ ቃሲም። «በቃላቸው ጥቁር ነው ያሉኝ፤ እኔም ጥቁር ብዬ ነው የተቀበልኩት። ኋላ ስልኬ ላይ የመጣው ዳለቻ ሲሆን የተሻለ አግኝተው ቀየሩልኝ አልኩ። ዳለቻው በጎኑ ይሰፋል። እውነቱን ለመናገር ዝም ያልኩት ለዚያ ነው።»

ሰዎቹ ሳቁ። ከሽማግሌዎቹ አንደኛው ግን አልሳቁም። አንደበት ጥቁር እያለ እጅ ዳለቻ ከነካ፣ ከሁለቱ አንዱ ጠፍቷል አሉ፤ ወይ የሰውየው ዓይን ወይ የሰውየው ልብ። ዓይን ከሆነ ይታዘንለታል፤ ልብ ከሆነ ግን ጉዳዩ ዱላ በማስረከብ አያበቃም። ይህ ሲነገር አያ ኑርሁሴን ፊታቸውን አላዞሩም።

አፍናን መናገር እንደምትፈልግ ገለጠች። አንድ ሁለት ሰው አጉረመረመ። ወይዘሮ ፋጡሜ ከተቀመጡበት ሆነው በሬው የእኔ ነው፣ ትናገር አሉ፤ ዝም ተባለ። አፍናን የአጎቷን ስልክ በሼህ ሰልማን ፊት ምንጣፉ ላይ አኖረች። ጥቁሩን ሰንጋ እንዲነኩላት ለመነቻቸው፤ ሙጂብንም በዚያው ጊዜ በራሱ ስልክ አንድ በግ እንዲመዘግብ ነገረችው። ሼሁ በጣታቸው ጫፍ ነኩ። ጥቁሩ ሰንጋ መጣ።

ከኋላ አንድ ደላላ፣ «ይኸው ደህና ነው፤ ሽማግሌው ናቸው የሳቱት» አለ።

አፍናን ሙጂብን አየችው። ሙጂብ ስልኩን ወደ ላይ አንሥቶ ኔትወርክ ፍለጋ በአንድ እግሩ ቆሟል። እስኪያገኝ ጠበቁ። ሰው መበተን ሲጀምር በጉ ገባ፤ አፍናን በጥድፊያ «አሁን ይንኩት» አለች። ሼህ ሰልማን ጥቁሩን ነኩ። ሦስቱም ሽማግሌዎች በስልኩ ላይ አጎነበሱ።

«ይህ ዳለቻው ነው» አሉ ሼሁ።

«አዎ።»

«እኔ የነካሁት ጥቁሩን ነው።»

«አዎ፣ ሼኼ። አያ ኑርሁሴንም የነኩት ጥቁሩን ነበር። የሳተው የእኔ ሥራ ነው። አንዱ ገጽ ለሌላው የሚነግረው የከብቱን ማንነት ሳይሆን የቆመበትን ተራ ነው፤ ተራው ሲንቀሳቀስ ከብቱ ይለወጣል። እንዲህ አድርጌ የሠራሁት እኔ ነኝ። ከዛሬ ጧት በፊት አላወቅኩትም፤ አጎቴ ዓይኔ ነው ሲሉም አምኛቸው ነበር።»

ደላሎቹ እየተገፉ ስልኩን ለማየት መጡ፤ ሙጂብ በግ እያስገባ፣ እነርሱ እየነኩ፣ አንዳንዴ ልክ አንዳንዴ ስሕተት ሲመጣ እያዩ ቆዩ። አንዱ ፍየል ነክቶ ግመል ሲመጣለት ግመሉን ማን ይመልስልኛል ብሎ አሳቃቸው። ሽማግሌዎቹ ራቅ ብለው ተማከሩና ተመለሱ።

ሼህ ሰልማን ብዙ አልተናገሩም። ውል የሚጸናው ሁለቱ በአንደበታቸው በተስማሙበትና በልባቸው በያዙት ላይ ነው አሉ፤ አንደበታቸው ጥቁር ብሏል፣ ልባቸውም ጥቁሩን ይዟል፤ ስለዚህ ፋቲሃው የወረደው በአቡበከር ሰንጋ ላይ ነው። ዳለቻው ሳይሸጥ ተጫነ እንጂ አልተሸጠም፤ ስለቱም ስለት ነው። ከዚያ ዱላውን ራሳቸው ከምንጣፉ ላይ አንሥተው ሰጡ።

«ኑርሁሴን፣ ይህ ያንተ ነው። ዓይንህን ግን ታከም።»

«ኢንሻአላህ» አሉ አጎቷ፤ ዱላውን ተቀብለውም ወዲያው አልቆሙበትም፤ ጥቂት ጊዜ በጭናቸው ላይ አቆዩት።

ሼሁ ወደ አፍናን ዞሩ። እርሷም የሚሉትን ቀድማ ታውቀው ነበር። መተግበሪያው እስኪታረም ድረስ ከገበያው እንዲወጣ ጠየቋት፤ ይወጣል አለቻቸው። ከሌሎች ገበያዎች የመጡት ደላሎች ተሰናብተው ሄዱ። ከመካከላቸው በዕድሜ የገፉት አንዱ፣ እንደታረመ ስታምን ትደውልላቸው ዘንድ ቁጥራቸውን ሰጧት፤ ሌሎቹ ምንም አላሉም። ቃሲም ወይዘሮ ፋጡሜን ይቅርታ ጠየቀ፤ ጎኑ የሚሰፋ በሬ ስለ ማየቱና ዝም ስለ ማለቱ ነበር። ወይዘሮ ፋጡሜም ዓይን የሰጠህ አላህ ነው፣ ምላስ የሰጠህም እርሱ ነው፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሁለቱንም ተጠቀምባቸው አሉት።

በዚያው ከሰዓት ሙጂብ ዳለቻውን ወደ ጨፋ መልሶ ከበረቱ አስገባው፤ ሲመለስ ጥቁሩን ከአቡበከር ደጅ ጭኖ ለቃሲም ወደ ኮምቦልቻ ወሰደው። አያ ኑርሁሴን እስከ ማታ ድረስ ገበያው ላይ ቆመው በቃላቸው ብቻ አሻሻጡ። አፍናን መተግበሪያውን ከሁሉም ስልኮች ዘጋችው። ከሚሴ ተመልሳ በገጾቹ መካከል የሚሄደውን ቃል ለወጠች፤ ተራው ቀርቶ ለእያንዳንዱ ከብት በተሰጠው፣ ከብቱ እስካለ በማይለወጥ መለያ ተተካ፤ ሁለተኛው ገጽ መለያውን ይዞ የከብቱን ነገር ከምንጩ እንደገና እንዲጠይቅ፣ ከብቱ የማይሸጥ ከሆነም የስምምነቱ ቁልፍ ጨርሶ እንዳይታይ አደረገች። ከዚያ በኋላ ሰንበቴ ወረደች፤ በገበያ ቀን፣ ሙጂብና ሦስት ደላሎች ከብት እያስገቡ፣ አጎቷ እየነኩ፣ ቀኑን ሙሉ ፈተነችው፤ የተነካው ሁሉ ራሱ መጣ።